ወደ ውጭ የሚከፈት በር

ኦስሎ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለመሪጌታ ይገዙ

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ፣ በረከትዎን ለምኜ እጅ እነሣለሁ። ጆሮዎ ለስልክ እንደማይመች ስለማውቅ እንደ ልማዳችን በወረቀት መጣሁ። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን። እዚህ ቅዝቃዜው ገና በነሐሴ ጀምሮናል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ደስ በሚል ጉዳይ ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለፋሲካ እመጣለሁ። እንደ እንግዳ ሰንብቼ ለመመለስ አይደለም፤ እናቴ በሠራችው ቤት፣ እርስዎ ባሉበት ግቢ መኖር እፈልጋለሁ። መኪናም ከዚህ አስጭኜ እልካለሁ። ስለዚህ የጋራዥ በር ያስፈልገናል። የፊት ለፊቱ መንገድ ጠባብ ነው፤ የመብራት ምሰሶውም ስላለ መኪና አይዞርበትም። የሚያዋጣን የምሥራቁን ግንብ ከፍቶ በር ማድረግ ነው።

የቡራዩን በያጆች ዞር ዞር ብለው ይዩልኝና ምን ዓይነት በር እንደሚሻል ይንገሩኝ። እርስዎ የመረጡት ይሆናል።

ጸሎትዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ኢየሩስ


ቡራዩ፣ መስከረም 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

የእኅቴ የቦሰና ዓይን፣ የእኔም የእርጅናዬ ምርኩዝ ለሆንሽው ለልጄ ለኢየሩስ

ክረምቱን አሳልፎ ምድርን በአበባ የሸፈነ አምላክ አንቺንና ቤትሽን በጥላው ይሰውርልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዘመን መለወጫው ማግስት ነው። «እመጣለሁ» ካለው መስመር በኋላ ያለውን ለማንበብ መነጽሬን ደጋግሜ መወልወል ነበረብኝ። እናትሽ አንቺን ሕፃን ሳለሽ በእጄ ትታ ካረፈች ወዲህ፣ አሳድጌም ከሸኘሁሽ ወዲህ፣ ስጠብቃት የኖርኋት ቃል ናት።

ስለ በሩ እንደ ትእዛዝሽ ዞሬ አየሁ። በመጨረሻም ዳዲ ወደሚባል በያጅ ሄድሁ። ከወላይታ የመጣ ጎበዝ ነው፤ እምነቱ ከእኛ ይለያል፤ እጁ ግን የተባረከ ነው። «መሪጌታ፣ መኪናው የታለ?» አለኝ። «በመንገድ ላይ ነው» አልሁት። «እንግዲያው ችግር የለም፤ እኛም ያላየነውን አምነን ነው የምንኖረው» ብሎ ሣቀብኝ። እኔም ሣቅሁ።

ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው እንደ ሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ የሚጠቀለል ነው። ሁለተኛው በሐዲድ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው፤ በክረምት ጭቃ ሐዲዱን ይይዘዋል ብሎ ራሱ ዳዲ አጣጣለው። ሦስተኛው ሁለት ክንፍ ያለው፣ ተገፍቶ የሚከፈት የላሜራ በር ነው። ይህ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲከፈት ሰፊ ቦታ ይይዛል። እኔ የሚጠቀለለውን መርጫለሁ። ምክንያቴን እነግርሻለሁ።

የምሥራቁ ግንብ በምን ቃል እንደተሠራ አንቺም ሳትሰሚ አላደግሽም። የጎረቤታችን የኦቦ ሚልኬሳ አባት ያንን ቦታ ለእናትሽ ሲሰጧት አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቋት፤ በአውድማቸው በኩል መስኮትም በርም እንዳይከፈት። ሽማግሎች ተሰብስበው፣ እኛም እርጥብ ሣር በእጃችን ይዘን ቃል ገባን። እናትሽ አርፋለች፤ እሳቸውም አርፈዋል፤ ያንን ሣር ከያዙት የቀረነው እኔና ኦቦ ሚልኬሳ ነን። ስለዚህ ከበያጁ በፊት መሄድ የነበረብኝ ወደ እርሱ ነው፤ ሄድሁም።

ከበሬዎቹ ጋር አገኘሁት። «አካም ቡልቴ፣ መሪጌታ?» ብሎ እንደ ወትሮው እንዴት አደርህ አለኝ። ጉዳዩን ስነግረው ቀንበሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«መሪጌታ፣ እኔ በር አልፈራም። በበሩ ፊት የሚሆነውን ነው የምፈራ። ሰበታ ያለውን የወንድሜን ማሳ አታውቅም? አንዱ ባለ ግንብ በር ከፈተበት። ‹ለመኪናዬ ነው› አለ፤ ዝም አልነው። በዓመቱ ቀያሾች መጥተው ‹የመኪና በር ካለ መንገድ አለ› አሉና መንገድ ሣሉበት። ዛሬ በማሳው መካከል ባጃጅ ይሄዳል።»

«ይህ ለኢየሩስ መግቢያ ብቻ ነው» አልሁት።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ቀንበሩን መልሶ አንሥቶ «እንግዲያው ለቦሰና ልጅ ይከፈት» አለኝ። የሚጠቀለለውን በር የመረጥሁት ስለዚህ ነው፤ የሰውየውን መሬት አይረግጥም፤ ሲከፈትም ሲዘጋም በራሳችን ልክ ይኖራል።

የአባቶችሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልኝ።
አጎትሽ ይገዙ


ኦስሎ፣ መስከረም 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ

በጾም በጸሎት ደክመው ላሳደጉኝ ለእርስዎ ሰላምታዬ ከልብ ይድረስ። ኦቦ ሚልኬሳን ስላነጋገሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይሆኑ ማንን ይሰሙ ነበር?

ስለ በሩ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። የሚጠቀለለው ይቅርብን፤ መብራት ሲጠፋ ያስቸግራል። ባለ ሁለት ክንፉን ይሁን፤ ሰፋ ያለ፣ አራት ሜትር ያህል። ደግሞም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ወደ ውስጥ ከተከፈተ እናቴ አበባ ትተክልበት የነበረውን መደብ ይረግጠዋል፤ እኔም እዚያው ላይ መልሼ መትከል እፈልጋለሁ። ሌላውን ሁሉ እንደ ፈቃድዎ ያድርጉት፤ ይህን ብቻ እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ ኢየሩስ


ቡራዩ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለኢየሩስ

ጽጌውን በየዱሩ ያፈካ ጌታ የልብሽን መሻት ይፈጽምልሽ።

በሩ ቆሟል። ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዘዝሽን ሳነብ አልዋሽሽም፣ ልቤ አመንትቶ ነበር። ዳዲም «መሪጌታ፣ በሰው አውድማ ላይ የሚወዛወዝ በር ልሥራ?» ብሎ ጠየቀኝ። የእናትሽን የአበባ መደብ ሳስብ ግን ተሸነፍሁ። እርሷ በየጠዋቱ ውኃ ታጠጣ የነበረበትን ቦታ የበር ክንፍ ይርገጠው ብዬ ለመፍረድ አልቻልሁም።

ተመልሼ ወደ ኦቦ ሚልኬሳ ሄድሁ። በሩ በሚተከልበት ቀን እርሱም ባለቤቱ ወይዘሮ ደጊቱም መጡ። ዳዲ ክንፎቹን በማጠፊያቸው ላይ ካንጠለጠለ በኋላ ገፋ አድርጎ ከፈታቸው። ኦቦ ሚልኬሳ የከብት በትሩን ይዞ ቀረበና፣ የበሩ ጫፍ በዞረበት ልክ መሬቱን ጫረ።

«እስከዚህ?» አለኝ።

«እስከዚያ ብቻ» አልሁት።

ወይዘሮ ደጊቱ የገብስ ቆሎ ይዛ መጥታ ነበር። «በጭዳችን ላይ ስትንከባለል ከጸጉሯ ጭድ የምለቅምላት ልጅ ዛሬ በመኪና ልትገባ!» እያለች ለዳዲም ለእኔም አደለችን። ዳዲ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል። በላዩ ትንሽ መስቀል እንዲበይድልኝ ጠይቄው ያለ ዋጋ አደረገልኝ።

በየጠዋቱ ከኪዳን ስመለስ ከፈት አድርጌ እዘጋዋለሁ፤ ማጠፊያው እንዳይደርቅ ብዬ ነው። ለአንቺ የምነግርሽ ምክንያት ይህ ነው።

አጎትሽ ይገዙ


ኦስሎ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ

ጤናዎን እየተመኘሁ በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ሥራ በዝቶብኛል። በሩ እንዳማረ በማንበቤ ደስ ብሎኛል። ሁለት ነገር ቀርቶናል። አንደኛ፣ ሁለቱም ክንፎች ወለል ብለው ተከፍተው ከውጭ በኩል ፎቶ ይነሣልኝ። የጭዱ ክምር ባይታይ ጥሩ ነው፤ ለልጆቹ የማሳየው ስለሆነ ንጹሕ ይሁን። ዳዲ በስልኩ ሊልክልኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጎማ ጭቃ እንዳይዘው በበሩ ፊት ጥቂት ገረጋንቲ ይደፋ። ቲና የምትባል ልጅ እዚያው ቡራዩ አለች፤ እርሷ ታስደፋልናለች። እርስዎ አይድከሙ።

ልጅዎ ኢየሩስ


ቡራዩ፣ ኅዳር 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በአገሩ ሰላም ከጠፋ ሰነበተና ቃሉን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል።

ፎቶውን ዳዲ እንደላከልሽ ታውቂያለሽ። ስለ ገረጋንቲውም ኦቦ ሚልኬሳን ጠይቄ፣ በትሩ እስከጫረው መሥመር ድረስ ብቻ እንዲደፋ ፈቅዶልኝ ነበር። ቲና ግን መኪናውን ያመጣችው በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እኔም ኦቦ ሚልኬሳም በንግሡ ላይ ሳለን ነው። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ገረጋንቲው ከበሩ ተነሥቶ፣ አውድማውን አቋርጦ፣ ወደ አምቦ መንገድ እስከሚያወጣው ዱካ ድረስ ተነጥፏል። ወይዘሮ ደጊቱ እህል ሊወቃበት በዋዜማው በእበት የለቀለቀችው መሬት ከሥሩ ተቀብሯል።

ቲና እዚያው ቆማ ስልክ ታናግር ነበር። «ልጄ፣ ይህን ማን አዘዘሽ?» አልኋት።

«ፋዘር፣ አይጨነቁ፤ ኢየሩስ ታውቃለች። ሁሉም በፕላን ነው» አለችኝ።

በሳምንቱ ሁለት ቀያሾች ቀይ ቀለም ይዘው መጡ። አንደኛው በስልኩ ላይ አንድ ፎቶ እያየ ወደ በሩ ተጠጋ። አንገቴን አስግጌ ተመለከትሁ፤ ዳዲ ያነሣው ፎቶ ነው። ለጓደኛው እንዲህ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ፤ ጆሮዬ ለስልክ እንጂ ለሰው ድምፅ ገና አልደከመምና። «በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ፊቱ ክፍት መሆን አለበት። ገረጋንቲም አለው። ነባር መንገድ ብለህ ያዘው።» ከዚያም በግንባችን ጥግና በኦቦ ሚልኬሳ ግራር ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ።

የምትሰሚው ሁሉ እዚህ አለ። ተማሪዎች «የከተማው ማስተር ፕላን መሬታችንን ይበላዋል» ብለው ወጥተዋል፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከገፈርሳ በኩል የተኩስ ድምፅ ሰምተናል። በዚህ መካከል ነው ቀዩ ቀለም በኦቦ ሚልኬሳ ዛፍ ላይ የተቀባው፤ መነሻውም የእኛ በር ነው።

ልጄ፣ እኔ ይህን እንዴት ልረዳው? በሩ እንዲጠቀለል መረጥሁ፤ ወደ ውጭ ይከፈት አልሽ። የአበባ መደብ አልሽኝ። ፎቶ አልሽኝ፤ ጭዱ አይታይ አልሽኝ። እነዚህን አራት ነገሮች እንደ ዜማ ምልክት አንዱን ከአንዱ ስገጥማቸው የሚወጣልኝ ድምፅ አስፈራኝ። ቲና በስምሽ ያደረገችው ነው፣ አንቺ አታውቂም፤ ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ያንን መስመር ይዤ ወደ ኦቦ ሚልኬሳ እሄዳለሁ።

ይገዙ


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኢየሩስ

መልስ አልመጣም። መንገድ ስለተዘጋ ይሆናል ብዬ ለራሴ እሰብካለሁ፤ ዳዲ ግን ስልክሽ ክፍት እንደሆነና ከቲና ጋር እንደምትነጋገሩ ነግሮኛል።

ኦቦ ሚልኬሳ ጤፉን ወቃ። ሌላ አውድማ ለመለቅለቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ገረጋንቲውን በአካፋ ገፎ፣ ጠርጎ፣ በዚያው ላይ ወቃው። ወይዘሮ ደጊቱ ቀኑን ሙሉ በወንፊት ስትነፋ ጠጠሩ ከጤፉ አልለይ አላት። ልጃቸው ሌንጮ ከተማሪዎቹ ጋር ተይዞ ነበር፤ ጸጉሩን ተላጭቶ በቅርቡ ተለቀቀ። በበሩ ፊት አግኝቶኝ «አባ፣ ይህ በር ለማን ነው የተከፈተው?» አለኝ።

ከአባቱ ጋር የተገናኘነው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው። ስሙን ጠርቼ ሰላም አልሁት።

«ደህና ነዎት ወይ፣ መሪጌታ?» አለኝ።

ዕድሜያችን አንድ ነው። ከብት አብረን ጠብቀን፣ ልጆቻችንን አብረን ድረን፣ «አንተ» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ቀን አንቱ አለኝ። እንደ ቀበሌ ሹም፣ እንደማያውቀው ሰው አከበረኝ። ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ ይቀልለኝ ነበር።

«ኦቦ፣ እኔ አላወቅሁም» አልሁት።

«በሩን ያሠሩት አንቱ ነዎት» አለና ነጠላውን አስተካክሎ ገባ።

አንድ ቃል ጻፊልኝ።

ይገዙ


ኦስሎ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ

እንዲህ መጨነቅዎን ሳነብ አዘንሁ። ዝም ያልሁት ንቄዎት አይደለም፤ እንዴት እንደምጽፍልዎ ቸግሮኝ ነው። አሁን ግን በግልጽ ልንገርዎ።

አዎን፣ አውቃለሁ። መንገዱ የተሣለው በእኔ ፈቃድ ነው። ግን አባቴ፣ እስቲ እንደ ሽማግሌ አይተው ይፍረዱኝ። ፕላኑ ይምጣ አይምጣ እኔ አልወሰንሁም። የኦቦ ሚልኬሳ ማሳ ዛሬ ባይነካ ነገ ይነካል፤ ሱሉልታን ይዩ፣ ለገጣፎን ይዩ። መንገዱ መምጣቱ ካልቀረ በሌላ ሰው ደጅ ከሚያልፍ በእኛ ደጅ ቢያልፍ ምን ነውር አለው? መንገድ የሌለው ቤት ዋጋ የለውም። እሳቸውም ካሳ ይሰጣቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከገና በኋላ በቀበሌው አዳራሽ የነባር ነዋሪ ምስክርነት ይሰማል። እርስዎ ተነሥተው «በዚያ በኩል ከድሮም መተላለፊያ ነበር» ቢሉ ማንም አይከራከርዎም፤ በቡራዩ የመሪጌታ ይገዙን ቃል የሚጠራጠር የለም። ውሸትም አይደለም፤ እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያ በኩል በእግሬ አልፍ አልነበረ? በማሳደግ ከዋሉልኝ ውለታ ጋር ይህንንም ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ኢየሩስ


ቡራዩ፣ ጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለኢየሩስ

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ወደ ቅኔ ማኅሌት ገብቼ ለመቆም ሞከርሁ፤ መቋሚያዬን ተደግፌ ዜማው ጠፋብኝ። አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር።

በእግርሽ ያለፍሽበት እውነት ነው። ያለፍሽው ወይዘሮ ደጊቱ «ነይ» ብላ ስለጠራችሽ ነው። ሰው ጠርቶ ያሳለፈሽን «መንገዴ ነበር» ብሎ መመስከር ምን እንደሚባል ፊደል ከማስተማሬ በፊት አስተምሬሽ ነበር።

በአዳራሹ ቆምሁ። የተናገርሁት ይህ ነው፤ «በዚያ በኩል መንገድ ኖሮ አያውቅም። ግንቡ ያለ በር እንዲኖር ቃል ተገብቷል፤ ሣሩን ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ። በሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ለእኅቴ ልጅ መግቢያ ነው ብዬ ኦቦ ሚልኬሳን ያስፈቀድሁት እኔ ነኝ። የተነጠፈው ገረጋንቲ የኅዳር ነው። ነባር የሚባል ነገር ካለ አውድማው ነው።» ቲና ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ሳልጨርስ ተነሥታ ወጣች።

የሚያመሰግነኝ አልፈለግሁም፤ አልተገኘምም። ሌንጮ ከወጣቶቹ መካከል ሆኖ «አባ፣ አሁን ነው የሚነግሩን? ጤፉ በጠጠር ከተወቃ በኋላ?» አለኝ። አባቱ ዝም እንዲል በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ወደ እኔ ግን አልዞረም።

አንቺ ቃሌን የፈለግሽው የታመነ ስለሆነ ነው። እንዲታመን ያደረግሁት ግን ለዚህ ቀን እንድታወጪው አልነበረም።

ይገዙ


ኦስሎ፣ ጥር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ይገዙ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፕላኑ መሰረዙን ሰማን። እንግዲህ መንገዱም ቀረ፤ ኦቦ ሚልኬሳም ምንም አልጎደለባቸውም፤ የተጎዳ ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን እዚህ ላይ ብንተወው ይሻላል።

ሌላ የምነግርዎ አለ። ቤቱ ተሽጧል፤ ያሻሻጠችው ቲና ናት። ገዢው ሰው ከመንገዱ በፊትም ፈልጎት ነበር፤ አሁን በትንሹ ዝቅ አድርጎ ተስማምተናል። በሩን ወዶታል፤ እንዳይነካ ብሏል። ሲገባ ከጎረቤት ጋር ራሱ ይነጋገራል። የእኔ መምጣት ከመጀመሪያውም እርግጠኛ አልነበረም፤ ባለቤቴ አይፈልግም፤ ልጆቹም ትምህርት አላቸው። ይህን አስቀድሜ ብነግርዎ ኖሮ በሩን አያሠሩልኝም ነበር።

የኋላ ክፍሉ ውስጥ እስከ ፋሲካ እንዲቆዩ አስፈቅጄልዎታለሁ። ከዚያ በኋላም አልረሳዎትም። በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ኢየሩስ


ቡራዩ፣ የካቲት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለቦሰና ልጅ ለኢየሩስ

እግዚአብሔር ያውቅሻል፤ እኔ ግን አንቺን እንደማውቅሽ አሁን አልምልም። ጾመ ነነዌ ትናንት ተፈጸመ። በሦስቱ ቀናት ስምሽን በጸሎት ለመጥራት አልከበደኝም፤ የከበደኝ ከስምሽ በኋላ ምን ብዬ እንደምለምንልሽ ነው። «በሰላም መልስልኝ» ማለት የለመደው አንደበቴ ደጋግሞ ወደዚያው ይወስደኝ ነበር።

የተጎዳ ሰው የለም ብለሻል። ፕላኑ በተሰረዘ ዕለት ወጣቶቹ ሲጨፍሩ እኔም ከደጄ ቆሜ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀዩን ቀለም ሌንጮ በድንጋይ ፈቀፈቀው። ዛፉ ከነቁስሉ ቆሟል።

የቤቱን መሸጥ ከደብዳቤሽ በፊት ከገዢው ነው የሰማሁት። ቲና ይዛው መጣች። ሰውየው በሩን ከፈተና ወደ አውድማው እያየ «መኪናዬ በዚህ ይገባል፤ ባለ መሬቱን አነጋግረዋለሁ» አለ። ኦቦ ሚልኬሳ ከጭዱ ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ከመናገሻ በኩል የባሕር ዛፍ ማገርና የእሾህ ሽቦ አስጭኖ መጣ።

እስከ ዛሬ ድረስ በእኛና በእነርሱ መካከል አጥር የሚባል አልነበረም። ግንቡ የእኛ ነበር፤ ከግንቡ ወዲያ ዶሮዎቻቸው፣ ልጆቻቸው፣ እኔም ወደ ቅዳሴ ስሄድ እናልፍ ነበር። አሁን ሽቦውን በግንቡ ልክ፣ ከበሩ ፊት አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ርቀት ላይ ዘረጋው። የበሩ ክንፍ ወደ ውጭ ሲገፋ ምሰሶው ይይዘዋል። ዳዲ አይቶ «በሩ ከእንግዲህ በትከሻ ስፋት ልክ ብቻ ነው የሚከፈተው» አለ። ወደ ውስጥ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ አጥሩ ምንም ባላደረገው ነበር።

ምሰሶ ሲተክል ብቻውን ነበር። ሌንጮ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ሄጄ ከግንቡ በኩል ቆምሁና ምሰሶውን ያዝሁለት። ያዝልኝ አላለኝም፤ ተው አላለኝምም። እርሱ አፈሩን ሲደቀድቅ እኔ እንዳይዘም አቅንቼ ያዝሁ። ሁለተኛውንም ያዝሁ፤ ሦስተኛውንም። እጄ ቆሰለ። እንደ ድሮው ቢሆን ወይዘሮ ደጊቱ ቅቤ ይዛ በወጣች ነበር። ከደጃፏ ቆማ አየችንና ገባች።

«ኦቦ፣ ልጅቱ አትመጣም፤ ቤቱንም ሸጠችው» አልሁት።

«አውቀናል» አለ ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ። «አንቱስ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ደብሩ ከቅኔ ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ይሰጠኛል።»

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ የሚለው ያለ መስሎኝ ቆየሁ። ሽቦውን ወጠረ፤ በመጨረሻው ምሰሶ ላይ መታው፤ መዶሻውን አነሣ። «ኢሺ፣ መሪጌታ። አለቀ» አለኝና ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። ምሰሶውን ስይዝ የቆምሁት በግንቡና በሽቦው መካከል ነበር። በወዲያኛው በኩል መውጫ የለኝም፤ ሽቦው ከጥግ እስከ ጥግ ተዘግቷል። ኦቦ ሚልኬሳን ጠርቼ ሽቦውን ፍታልኝ ማለት አልሆነልኝም፤ በራሴ ጥፋት የታጠረውን ለእኔ ሲል እንዲፈታ በምን አፌ እለምነዋለሁ? ዞሬ በሩን ሳብሁት። ክንፉ ወደ እኔ መጥቶ ምሰሶውን ነካና ቆመ። ጎኔን ሰጥቼ፣ ጥምጥሜን በእጄ ይዤ፣ ቀሚሴ በማጠፊያው እየተያዘ ተሹለክልኬ ገባሁ።

ለአንቺ መግቢያ ብዬ ያሠራሁት በር ነው። ከቆመ ጀምሮ የገባበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ቁልፉን ለቲና ሰጥቻለሁ።

ይገዙ